«ቡዳ» ወይም «ጠይብ» ተብሎ ለተበደለ ሰው ካሳ፦ ጎጃም ውስጥ የትኛው መንገድ ለየትኛው በደል ይሻላል?

ማረሻው፣ ምጣዱ፣ ጋቢው፣ መጫኛው ጎጃም ውስጥ የማይገባበት ቤት የለም። የሠሩት ሰዎች ግን «ጠይብ»፣ «ፋቂ»፣ «ቡዳ» እየተባሉ ከእድር፣ ከጋብቻና ከማዕድ ይገለላሉ። ታማሚ እየለፈለፈ ስማቸውን ከጠራ ቤታቸው ይከበባል፣ ጸጉራቸው ወይም የልብሳቸው ቁራጭ ለጭስ ተብሎ በግድ ይወሰዳል፣ «እንትፍ በልበት» ተብለው ይደበደባሉ። በጣና ዳር የሚኖሩት ወይጦዎች፣ «የባሪያ ዘር» የሚባሉ ቤተሰቦችም ተመሳሳይ ዕጣ አለባቸው። አፄ ምኒልክ ባለ እጅን በሙያው መስደብ በአዋጅ ከከለከሉ ከ1900 ዓ.ም. ጀምሮ ብንቆጥር ከመቶ ዓመት በላይ ሆኗል፤ ስድቡ ግን ዛሬም ገበያ ላይ ይሰማል።

የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 25 በማኅበራዊ አመጣጥም ሆነ በትውልድ ምክንያት ልዩነት ማድረግን ይከለክላል። አንቀጽ 9 ከሕገ መንግሥቱ የሚቃረን ልማድ ዋጋ የለውም ይላል። መብቱ በሕግ አለ፤ የጎደለው ለዚህ በደል ብቻ የወጣ የካሳ ተመንና ከፋይ ነው። ለማነጻጸር ያህል፣ ሕንድ በ1989 እንደ ጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ባወጣችው ሕግና በ2016 በተሻሻለው ደንቡ፣ በዘር ማዕረግ (በካስት) ምክንያት ጥቃት ለደረሰበት ሰው መንግሥት ራሱ እንደ በደሉ ዓይነት ከ85,000 እስከ 825,000 ሩፒ ይከፍላል፤ ከፊሉም ፍርድ ሳይጠበቅ ነው የሚሰጠው። እኛ ዘንድ የሚከፍለው በዳዩ ነው። ስለዚህ ተበዳዩ ራሱ ማስረዳት፣ ራሱ ማስላት፣ ራሱ ማስፈጸም አለበት። መንገዱን መምረጥ ከባድ የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

ከምርጫው በፊት ሦስት ቀኖችን ይቁጠሩ

ብዙ ሰው ካሳውን የሚያጣው ማስረጃ አጥቶ አይደለም፤ «ሽማግሌ ይዞታል» እየተባለ ጊዜው አልፎበት ነው። ስድብና ስም ማጥፋትን የመሰሉ በግል አቤቱታ ብቻ የሚያስቀጡ ወንጀሎች፣ ድርጊቱ ወይም አድራጊው ከታወቀ በ3 ወር ውስጥ አቤቱታ ይፈልጋሉ። ከሥራ የተባረረ ሰው ወደ ሥራው ለመመለስ የሚያቀርበው ክስም መግባት ያለበት በ3 ወር ውስጥ ነው። ከውል ውጪ ለደረሰ ጉዳት የሚቀርብ የፍትሐ ብሔር ክስ ደግሞ በፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 2143 መሠረት በ2 ዓመት ይርጋ (የመክሰሻ ጊዜ ማለፍ) ይታገዳል። ድርጊቱ ረዘም ያለ የይርጋ ጊዜ ያለው ወንጀል ከሆነ ረጅሙ ጊዜ ለካሳውም ይሠራል።

ሽምግልና ብቻውን ይርጋን ያቆማል ብላችሁ አትዘናጉ። ጠበኛው ወገን ቀጠሮውን ከፋሲካ ወደ ሰኔ፣ ከሰኔ ወደ መስቀል የሚገፋበት ምክንያት አንዳንድ ጊዜ ይኸው ነው። መንገድ ተዘግቶ ወይም ችሎት ተቋርጦ ከሆነ፣ የተዘጋበትንና የተከፈተበትን ቀን በጽሑፍ ይያዙ፤ የፍርድ ቤቱ መዝገብ ክፍል (ሬጅስትራሩ) ሥራ በጀመረበት ቀን ክሱን ያስገቡ።

ሽምግልና፦ ፈጣኑ፣ ግን ወንበሩ የማን እንደሆነ ይታይ

ሽምግልናን የሚንቅ የሕግ ሰው አለ። እኛ አንንቀውም፤ አንድ ነገር ከፍርድ ቤት የተሻለ ያደርጋልና። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 2116 ለሕሊና ጉዳት የሚፈረደውን ካሳ ከ1,000 ብር እንዳይበልጥ ይገድባል። ይህ ገደብ በ1952 ዓ.ም. የተጻፈ ነው፤ ዛሬ አንድ በግ አይገዛም። በእርቅ ስምምነት ግን ተዋዋዮቹ ለክብር የተስማሙበትን ያህል መክፈል ይችላሉ። ከብሩ በላይ ደግሞ ዳኛ ሊያዝ የማይቀናውን ነገር ሽማግሌ ያስፈጽማል፤ በዳዩ በሰንበቴው ፊት ቆሞ «የተናገርኩት ሐሰት ነው» እንዲል፣ ከተበዳዩ ቤት እንዲበላ፣ በአንድ ዋንጫ እንዲጠጣ፣ ልጆቹን እድር እንዲያስገባ። መገለሉ በማዕድ የተሠራ ስለሆነ ጥገናው በማዕድ ሲሆን ትርጉም አለው።

የሚበላሸው ሦስት ቦታ ላይ ነው። አንደኛው የሽማግሌዎቹ ምርጫ ነው፤ ሁሉም ከ«ጨዋው»፣ ማለትም ባለ እጅ ካልሆነው፣ ወገን ከሆኑ ውሳኔው ሲጀመር ያዘነበለ ነው። ቢያንስ ሁለቱን ተበዳዩ ይምረጥ፣ አንዱ የራሱ ወገን ይሁን። ሁለተኛው መሐላው ነው። ሽማግሌዎች ተበዳዩን «ቡዳ እንዳልሆንክ ማልና ይለቅ» ይሉታል። ይህን መሐላ መቀበል አይገባም፤ መማል ማለት ክሱ ትክክለኛ ጥያቄ ነው ብሎ መቀበል ነው፣ ነገ ሌላ ሰው ሲታመምም መሐላው ፈረሰ ይባላል። መማል ያለበት «ሁለተኛ አልነካውም፣ ስሙን አላነሳም» የሚለው በዳዩ ነው። ሦስተኛው ጽሑፉ ነው። በቃል የቀረ እርቅ፣ ቄሱ በግዝት ቢያስሩትም፣ በአፈጻጸም ችሎት ዋጋ የለውም።

የስምምነት ጽሑፉ ቢያንስ እነዚህን ይያዝ፦ ድርጊቱ ምን እንደነበረ በግልጽ (በደፈናው «በመካከላቸው የነበረው አለመግባባት» ብሎ ማለፍ ተበዳዩን እኩል ጥፋተኛ ያስመስለዋል)፣ የገንዘቡ ልክና የሚከፈልበት ቀን፣ ስሙ የሚመለስበት ሥርዓት የትና በማን ፊት እንደሚሆን፣ የሁለት ምስክሮች ፊርማ፣ እንዲሁም ገደብ። ገደብ ማለት ውሉን ያፈረሰ የሚከፍለው አስቀድሞ የተቆረጠ ገንዘብ ነው። ገንዘቡ ለተበዳዩ እንደሚከፈል ይጻፍ። በየአገሩ «ገደቡ ለመንግሥት ይሁን» ብሎ መጻፍ ተለምዷል፤ እንዲህ ሲሆን ግን ተከታትሎ የሚያስከፍለው ሰው ይጠፋል።

ከሁሉ የሚሻለው መዝገብ ከፍቶ መታረቅ ነው። ክሱ ፍርድ ቤት ከገባ በኋላ የተደረሰበትን እርቅ የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ ከቁጥር 274 ጀምሮ ዳኛው እንዲያጸድቀው ይፈቅዳል። የጸደቀ እርቅ እንደ ፍርድ ይፈጸማል። ሽማግሌው ያስታርቃል፣ ፍርድ ቤቱ ጥርስ ይሰጠዋል።

አንድ ማስጠንቀቂያ፤ ከባድ የአካል ጉዳትና ግድያ በሽምግልና አይዘጉም። የደም ካሳ ተቀብሎ ደም ማድረቅ ሌላ በቀል ያስቀራል፣ ዐቃቤ ሕግን ግን አያቆምም። «ተበዳይ ታርቋል፣ ምስክር የለም» ተብሎ ፋይሉ እንዲከስም የሚደረገው ግፊት ጠንካራ ነው። ቤተሰቡ ካሳውን ቢቀበል እንኳ ምስክርነቱን የሚሸጥ ቃል በውሉ ውስጥ አይፈርም።

በወንጀሉ ክስ ላይ ካሳ መጠየቅ

ድብደባ፣ በግድ ቤት መግባት፣ ዕቃ ማውደም፣ ማስፈራራት ከሆነ ወንጀል ነው። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 101 ተበዳዩ የካሳ ጥያቄውን ከወንጀሉ ክስ ጋር አጣምሮ እንዲያቀርብ ይፈቅዳል። ጥቅሙ ግልጽ ነው፤ ምስክር የሚያቀርበው ዐቃቤ ሕግ፣ ተከሳሹን የሚያመጣው ፖሊስ ነው። አንቀጽ 102 ደግሞ በዳዩ ካሳውን መክፈል የማይችል ሲሆን ፍርድ ቤቱ የመቀጮውን ገንዘብ ለተበዳዩ እንዲያደርግ በር ይከፍታል። ይህን አንቀጽ ጠቅሶ የሚጠይቅ ተበዳይ እምብዛም የለም፤ ሳይጠየቅ ደግሞ አይሰጥም።

ጥያቄው በጽሑፍ፣ በችሎቱ መክፈቻ ላይ መቅረብ አለበት። ምስክር ተሰምቶ ካለቀ በኋላ የመጣ ጥያቄ ዘግይቷል። የ1954ቱ የወንጀል ሥነ ሥርዓት ሕግ ዳኛው ጥያቄውን የማይቀበልባቸውን ምክንያቶች ይዘረዝራል፤ ከእነሱም ተከሳሹ በሌለበት የሚታይ ጉዳይና የካሳው ማስረጃ ወንጀሉን የሚያጓትት መሆኑ ይገኙበታል። ዳኛው አልቀበልም ካለ ወይም ተከሳሹ ነጻ ከወጣ ካሳው ሞተ ማለት አይደለም፤ በፍትሐ ብሔር መክሰስ ይቻላል። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 2149 እንደሚለው የካሳውን ጉዳይ የሚያየው ዳኛ በወንጀሉ ነጻ መለቀቅ አይታሰርም። ወንጀሉ ከጥርጣሬ በላይ መረጋገጥ ይኖርበታል፤ ካሳው ግን ሚዛን በሚደፋ ማስረጃ ይወሰናል። «ነጻ ወጥቷል» ተብሎ ተስፋ መቁረጥ ብዙ ተበዳዮችን ጎድቷል።

የጥላቻ ንግግር አዋጁን (ቁጥር 1185/2012) በሚመለከት አንድ ልዩነት ይታወቅ። አዋጁ የሚጠብቃቸውን ማንነቶች ሲዘረዝር ብሔር፣ ሃይማኖት፣ ዘር፣ ጾታና አካል ጉዳተኝነት ይላል፤ ሙያንና ትውልድን አላነሳም። ስለዚህ በፌስቡክ ወይም በቲክቶክ በብሔሩ፣ ማለትም በወይጦነቱ፣ ለተወረፈ ሰው አዋጁ ቀጥተኛ መሣሪያ ነው፤ በቀጥቃጭነቱ ለተወረፈው ግን ጭቅጭቅ አለበት። ለእሱ የስም ማጥፋትና የስድብ ድንጋጌዎች፣ ማለትም የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 613 እና 615፣ ይቀርቡታል።

ለብቻው የፍትሐ ብሔር ክስ

ገንዘብ የጠፋበት፣ ገበያ የተዘጋበት፣ መሣሪያው የተሰበረበት ሰው ዋና መንገዱ ይህ ነው። መሠረቱ የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 2028 ነው፤ በጥፋቱ ሌላውን የጎዳ ይክሳል። ቁጥር 2038 የእጅ እልፊትን ሲተረጉም ቁስል አይጠይቅም፤ ያለ ፈቃድ ሆን ብሎ የሰውን ገላ መንካት በቂ ነው። ለጭስ ተብሎ በግድ የተቆረጠ ጸጉር እዚህ ውስጥ ይወድቃል፤ «ጭረት እንኳ የለበትም» የሚለው መከላከያ አያዋጣም።

ስም ማጥፋት ላይ ግን የክሱ አጻጻፍ ዕጣውን ይወስናል። ቁጥር 2109 ለስድብና ለስም ማጥፋት የሕሊና ካሳ የሚፈቅደው ንግግሩ የተወሰኑ ነገሮችን ሲለጥፍ ነው፤ ወንጀል መሥራትን፣ በሙያ ብቃት ወይም ታማኝነት ማጣትን፣ ተላላፊ በሽታን የመሳሰሉትን። «ቡዳ ብሎ ሰደበኝ» ብሎ ብቻ የጻፈ ከሳሽ ዳኛው «ይህ ከየትኛው ይመደባል?» ሲለው መልስ ያጣል። የተባለው ቃል እንዳለ ይጻፍ፤ «ልጄን በልቶ ገደለ» ተብሎ ከሆነ ነፍስ ማጥፋትን መለጠፍ ነው፤ «ከእሷ ምጣድ የጋገረ ይታመማል» ከሆነ ሙያዋን ማጥፋት ነው። ከ1,000 ብሩ ጋር ፍርድ ቤቱ ስሟን የሚያድስ ማስታወቂያ በተከሳሹ ወጪ እንዲወጣ እንዲያዝላትም ትጠይቅ።

ትልቁ ገንዘብ ያለው በቁሳዊው ኪሳራ ነው፤ ስለዚህ ሒሳቡ ይዘርዘር። ለሒሳብ ያህል አንዲት ሸክላ ሠሪ ገበያ ላይ ተደብድባ ዕቃዋ ተሰበረ እንበል። ሕክምና 1,850 ብር፣ ወደ ጤና ጣቢያ አራት ምልልስ በ120 ብር 480፣ ሳትሠራ የቀረችበት 20 ቀን በቀን 250 ብር 5,000፣ 12 ምጣድ በ150 ብር 1,800፣ 6 እንስራ በ200 ብር 1,200። ድምሩ 10,330 ብር ነው፤ የሕሊናው 1,000 ሲታከልበት 11,330። ሳትዘረዝር «50,000 ብር ካሳ ይከፈለኝ» ብትል ዳኝነቱን (የፍርድ ቤት ክፍያውን) በ50,000 ላይ ትከፍላለች፣ የሚፈረድላትም ያስረዳችው ብቻ ነው። ደረሰኝ የሌለውን የገበያ ገቢ በትክክል ማስላት ካልተቻለ ቁጥር 2102 ዳኛው በርትዕ (በሚዛናዊ ግምት) እንዲወስን ይፈቅዳል፤ ለዚህም ከጎኗ የምትሸጥ ሌላ ነጋዴ ስለ ዕለት ገቢው ትመስክር። ጉዳቱ ወደፊት የሚቀጥል ከሆነ፣ ለምሳሌ የቀጥቃጩ እጅ ተሰብሮ መዶሻ ማንሳት ካልቻለ፣ ቁጥር 2092 የወደፊቱን ጉዳት ካሁኑ ያስጠይቃል። ሟች ካለ የትዳር ጓደኛ፣ ልጆችና ወላጆች የተቋረጠባቸውን መተዳደሪያ በቁጥር 2095 ይጠይቃሉ።

ማን ይከሰስ? የመታው ብቻ አይደለም። አነሳሹ፣ ዋናው አድራጊና ተባባሪው በአንድነትና በነጠላ ኃላፊ ናቸው (ቁጥር 2155)፤ «እገሌ ነው የበላው» ብሎ ስም የሰጠው ጠንቋይም ቢሆን። ከአምስት ተከሳሾች ሀብት ያለው አንዱ ብቻ ቢሆን ሙሉውን ከእሱ መቀበል ይቻላል፤ ስለዚህ ሀብት ያለውን ከክሱ ዝርዝር አትዝለሉት። በዳዩ በሥራው ላይ ያለ የመንግሥት ሠራተኛ ከሆነ፣ ለምሳሌ «ለጠይብ ወረፋ የለም» ያለ የቀበሌ ሹም፣ ቁጥር 2126 መንግሥትን ጭምር ለመክሰስ ያስችላል።

የት? ጉዳቱ በደረሰበት ወይም ተከሳሹ በሚኖርበት ቦታ። ተባርሮ ባሕር ዳር ወይም ደብረ ማርቆስ የተጠለለ ሰው በተጠለለበት ከተማ መክሰስ አይችልም፤ ወደ ቀዬው መመለስ የሚያሰጋው ከሆነ ወኪል በውክልና ይላክ።

ዳኝነት የሚከፍልበት ገንዘብ ለሌለው በደሃ ደንብ መክሰስ ይቻላል (የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ከቁጥር 467 ጀምሮ)። የንብረት ዝርዝር ከግምቱ ጋር፣ ከቀበሌ የድህነት ማስረጃ፣ ቃለ መሐላ ያስፈልጋል። የቀበሌው ሹም የተከሳሹ ዘመድ ሆኖ ማስረጃውን ቢከለክል፣ መከልከሉን ገልጾ ምስክር በመቁጠር ለፍርድ ቤቱ ማመልከት ይገባል፤ ዝም ብሎ ደብዳቤውን መጠበቅ ይርጋውን ይበላዋል። የባሕር ዳርና የደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲዎች የሕግ ትምህርት ቤቶች ክስ በነጻ ያዘጋጃሉ።

ሥራ ቦታ ላይ ከሆነ

ፋብሪካ፣ ሆቴል ወይም እርሻ ላይ በትውልዱ የተነሳ የተባረረ ሰው ሌላውን ሁሉ ትቶ ወደ ሥራ ክርክር ችሎት ይሂድ፤ ከመንገዶቹ ሁሉ ካሳው በተመን የተቀመጠው እዚህ ብቻ ነው። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ላልተወሰነ ጊዜ የተቀጠረ ሠራተኛ በሕገወጥ መንገድ ከተሰናበተና ወደ ሥራው ካልተመለሰ፣ ከስንብት ክፍያው ሌላ የ180 ቀን አማካይ ደመወዝና የማስጠንቀቂያ ጊዜ ክፍያ ይገባዋል። የቀን አማካዩ 200 ብር ከሆነ 180ው ብቻ 36,000 ብር ነው። ዳኝነት አይከፈልበትም። ችግሩ አሠሪው «በቡዳነቱ አባረርኩት» ብሎ አለመጻፉ ነው፤ ስለዚህ አሠሪው የጻፈው ምክንያት ሐሰት መሆኑን ማሳየት ይበቃል። መገለሉን ማስረዳት ተጨማሪ ጉልበት ነው፣ ግዴታ አይደለም።

ኮሚሽኑና እንባ ጠባቂው

የኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽንና የእንባ ጠባቂ ተቋም ባሕር ዳር ቅርንጫፍ አላቸው፤ አቤቱታ በቃልም በጽሑፍም በነጻ ይቀበላሉ። የሚያስገድድ የካሳ ፍርድ ግን አይሰጡም፤ ይመረምራሉ፣ ያስማማሉ፣ ምክረ ሐሳብ ይሰጣሉ። በዳዩ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሲሆን፣ ወይም ፖሊስ አቤቱታ አልቀበልም ሲል ይጠቅማሉ። ግለሰብ ለመታው ሰው ግን ብቸኛ መንገድ ካደረጋቸው ጊዜው ያልፍበታል።

እድር አላስገባም ማለት ከሁሉ የከበደው ነው። አባል የነበረን ሰው ማባረር በመተዳደሪያ ደንቡ ሊከሰስ ይችላል። ጭራሽ አልቀበልም ያለን እድር በካሳ ማስገደድ ግን እስካሁን ጠባብ በር ነው፤ እዚህ ላይ ሽምግልናውና ኮሚሽኑ ተደጋግፈው ቢሄዱ ይሻላል።

እንዴት ይመረጥ?

አካል ከተጎዳ በዚያው ቀን ፖሊስ፣ ከፖሊስ በደብዳቤ ሕክምና፣ ከዚያ ካሳውን በወንጀሉ ክስ ላይ መጠየቅ። ቁስሉ ከጠፋ በኋላ የተጻፈ የሕክምና ማስረጃ ክርክር ያስነሳልና ሌሊትም ቢሆን አይዘግይ። የተሰበረው እንስራ፣ የተቀደደው ወናፍ ከመጠራረጉ በፊት በስልክ ፎቶ ይነሳ። ኪሳራው በዋናነት ገንዘብ ከሆነና ከሳሹ የሚቆጥራቸው ምስክሮች ካሉት የፍትሐ ብሔሩ ክስ ይቀድማል። ስም ብቻ ከሆነ የጠፋው፣ በ3 ወሩ ውስጥ አቤቱታውን አስገብቶ፣ ከዚያ በሽምግልና ከ1,000 ብሩ ገደብ በላይ መደራደር ይሻላል፤ አቤቱታ ያልገባበት ድርድር ጉልበት የለውም። ተበዳዩ አብሮ የሚኖረው ከበዳዩ አጥር ጋር ከሆነ ገንዘቡን ቀንሶ የማዕዱን ሥርዓት ማጥበቅን እንመርጣለን። ቀዬውን ለቅቆ ለሚሄድ ግን የማዕዱ ሥርዓት ምንም አይጠቅመውም፤ ገንዘቡን አጥብቆ ይያዝ።

ምስክር ማግኘት ሁልጊዜ ያስቸግራል፤ «ጨዋው» ወገን በጎረቤቱ ላይ አይመሰክርም። ከገበያተኛው መካከል ሌላ ቀበሌ የሚኖሩትን፣ ጤና ባለሙያውን፣ የተጠራውን ሚሊሻ ቀድማችሁ በስም መዝግቡ።

ተፈርዶም ገንዘቡ ላይገኝ ይችላል። ተከሳሹ ከብቱን በወንድሙ ስም ማዞር ከጀመረ፣ ፍርድ ሳይጠበቅ ንብረቱ እንዲከበር (ተይዞ እንዲቆይ) በፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ ቁጥር 151 ማመልከት ይቻላል፤ ሊያሸሽ መሆኑን የሚያሳይ ማስረጃ ግን ያስፈልጋል። የገበሬ መሬት ለዕዳ አይሸጥም። የሚያርስባቸውን መሣሪያዎችም ሕጉ ይጠብቅለታል። ስለዚህ በአፈጻጸም ማመልከቻው ላይ ከመተዳደሪያው የተረፈውን ከብት፣ በጎተራ ያለውን እህል፣ የባንክ ሒሳቡን፣ ባጃጁን ወይም ወፍጮውን በስም መዘርዘር ይገባል። የአፈጻጸም አቤቱታ በ10 ዓመት ውስጥ ካልቀረበ ፍርዱ ራሱ በይርጋ ይቀራል፤ ዛሬ ባዶ እጁን የሆነ የፍርድ ባለዕዳ ከጥቂት መኸር በኋላ በሬ ሊገዛ ስለሚችል የፍርዱን ግልባጭ ማኅተሙ እንዳይለቅ አድርጎ ማስቀመጥና በየዓመቱ ንብረቱን ማጣራት ነው።